ከሥር በታች ያለ ጎተራ

የአዊ ደጋ ዝናም የበዛበት አገር ነው። ይኸው ዝናም ግን ለዘመናት አፈሩን እያጠበ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ያለውን ብዙ መሬት አሲዳማ አድርጎታል። በእንዲህ ያለ አፈር ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይታሰራል፤ ገበሬው የጨመረው ማዳበሪያም ከፊሉ ለአዝመራው ሳይደርስ ይቀራል። በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ግን ማዳበሪያ አይቶ የማያውቀው ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ለምልሞ እናያለን።

አንደኛው ምክንያት የረገፈው ቅጠል በዚያው በስብሶ ወደ አፈሩ መመለሱ ነው። ሌላው ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ይኸውም በዛፉ ሥር ገብቶ የሚኖር ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጋል። ያገኘውን ፎስፌትም እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንዱን ከሌላው አያይዞ ረጅም ሰንሰለት ያደርገዋል። ይህም ፖሊፎስፌት ይባላል። በዚህ መልክ ብዙው በጥቂት ስፍራ ይከማቻል፤ ሴሉም ከመጠን በላይ ውኃ ስቦ አያብጥም። ክምችቱ በክሩ ውስጥ ወደ ሥሩ ይጓዛል፤ በዚያም ሰንሰለቱ ተፈትቶ ፎስፌቱ ለዛፉ ይሰጣል። ዛፉም በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ስኳርና ቅባት ለፈንገሱ ያካፍላል።

ተስፋዬ ውበትና የሥራ ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደጋ ደኖች በሚበቅለው ጥቁር እንጨት ሥር የዚህ ፈንገስ ልዩ ልዩ ዓይነቶች እንደሚኖሩ አሳይተዋል።

ሁሉም ተክል ግን ከዚህ ማኅበር አይገባም። በአካባቢያችን የሚዘራው ግብጦ የራሱ መንገድ አለው፤ ከሥሩ የሚወጣው አሲድ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል።

ይህ ፈንገስ ያለ ሕያው ሥር ጸንቶ አይኖርም። ዛፍ ተቆርጦ መሬቱ ራቁቱን ሲቀር፣ ከዛፉ ጋር ጎተራውም ይጠፋል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገሮችን እንዲያስተውሉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ችግኝ ስናፈላ ከጤነኛ አገር በቀል ዛፍ ሥር ጥቂት የላይኛ አፈር ወስደን ከችግኝ አፈሩ ጋር እንቀላቅል፤ ስንወስድም ሥሩን አንጉዳ። ሁለተኛ፣ ለችግኝ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ አናብዛ፤ ጠግቦ ያደገ ችግኝ ፈንገሱን አይቀበልምና። ሦስተኛ፣ የአጸዱን መሬት አንቆፍር፤ የረገፈውንም ቅጠል ጠርገን አናቃጥል።

ዮሴፍ በጥጋብ ዘመን ያከማቸው እህል በራብ ዘመን ሕዝብን አትርፏል። አባቶቻችን ጠብቀው ያቆዩልን ደንም ከሥሩ በታች እንዲህ ያለ ጎተራ አለው፤ ሳናፈርስ ለልጆቻችን ልናስረክበው ይገባል።