ኩሽኔታውን አትምቱት

ጎንደር ቁልቁለት አታጣም፤ ቁልቁለት ባለበት ደግሞ ኩሽኔታ የተገጠመለት የልጆች የእንጨት መኪና አይጠፋም። ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ብረት አስፋልት ላይ እየተንጫረረ ሲወርድ ይሰማል። ባለሱቁ ይራገማል፣ ባለባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እናት ከአጥር ወጥታ የልጇን ስም ትጣራለች። ጨዋታውን “የዱርዬ” የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ወላጅና ልጅ አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው በእጃቸው ከሚሠሩት ነገር ሁሉ ይህን የእንጨት መኪና የሚያህል አላየሁም፤ መናቁም ያናድደኛል።

አሠራሩን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። መቀመጫ ጣውላ፣ ከሥሩ ሁለት ሞራሌ፣ ከኋላ ሁለት ኩሽኔታ፣ ከፊት አንድ ወይም ሁለት። የፊተኛው ሞራሌ በአንድ ወፍራም ብሎን ላይ ይዞራል፤ መሪው እሱ ነው፣ በእግር ወይም በገመድ ይታዘዛል። ቆመው የሚነዱት ባለ እጀታም አለ። ጣውላው ከየትም ይምጣ፣ ቢጣመምም ግድ የለም። ነገሩ ሁሉ ያለው ኩሽኔታው ላይ ነው።

ኩሽኔታ ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ኳሶች ይንከባለላሉ። ልጆች ሰብረው ብይ የሚጫወቱባቸው እነዚያው ናቸው። ኳሶቹን አራርቆ የሚይዝ ስስ ቆርቆሮም አለው። በልጆቹ መኪና ላይ የውስጠኛው ቀለበት ከእንጨቱ ጋር ጸጥ ብሎ ይቆማል፣ የውጭው ራሱ ጎማ ሆኖ መሬቱ ላይ ይሮጣል። ኩሽኔታ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ለሚሉኝ ሁልጊዜ የምመልሰው አለኝ፦ ኳስ ያለው ኩሽኔታ መጀመሪያ የባለቤትነት መብት የተሰጠው በፈረንጆች 1794 ለዌልሱ ብረት አቅላጭ ለፊሊፕ ቮን ነው፤ የተሰጠውም ለሠረገላ ጎማ ነበር። ልጆቻችን ዕቃውን ወደ ጥንት ሥራው መለሱት እንጂ አላጠፉትም።

ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። 6204 የሚል ካገኛችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዙ፤ ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 6205 ከሆነ 25። ከ04 በታች ሒሳቡ ይፈርሳል፤ 6203 ቀዳዳው 17፣ 6202 ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ ጋራዥ ደጃፍ ከተጣለው ብረት መካከል አንድ ዓይነቱን መርጦ ያወጣል፣ እንጨቱንም በማስመሪያ ለክቶ ይጠርባል። የማያውቀው አንዱን ጎን ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ አድርጎ ይገጥምና መኪናው ወደ ቦይ ሲጎትተው መንገዱን ይወቅሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። አብዛኛው ሰው ኩሽኔታ የሚገጥመው ሞራሌውን አቁሞ፣ ኩሽኔታውን የተጠረበው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ የውጭውን ቀለበት ዙሪያውን በመዶሻ በመቀጥቀጥ ነው። እንጨቱን አንቆ የያዘው ግን የውስጠኛው ቀለበት ነው። መዶሻው የውጭውን ሲመታ ኃይሉ ወደ ውስጠኛው የሚደርሰው በኳሶቹ በኩል ብቻ ነው። ኳስ ደግሞ የሚሄድበትን ቦይ የሚነካው በጣም ጠባብ በሆነች ቦታ ስለሆነ፣ ምቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ቦዩም ይጎደጉዳል። ጉድጓዶቹ በዓይን ላይታዩ ይችላሉ፤ ጆሮ ግን ይሰማቸዋል። ጣታችሁን በቀዳዳው አስገብታችሁ የውጭውን ቀለበት አሽከርክሩትና ጆሯችሁ ሥር ያዙት። ጤነኛው ወጥ ድምፅ እያሰማ ቀስ በቀስ ይቆማል፤ የተቀጠቀጠው ቅርቅር፣ ቅርቅር እያለ ይንገዳገዳል። ኳሱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ፍጥነት ይበላል፤ ቁልቁለቱ የሰጠውን ኩሽኔታው ይነጥቃል።

ከዚያ ባለቤቱ ምን ይላል? “አሮጌ ስለሆነ ነው፣ አዲስ ቢሆን ኖሮ ይበር ነበር።” ሐሰት ነው። መካኒክ ኩሽኔታ የሚጥለው ትንሽ ስለላላ ወይም ድምፅ ስለጀመረ ነው፤ ብዙ ኩንታል ጭኖ ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪና አይታመንምና። ለመኪና ያረጀው ለልጅ ገና አራስ ነው። ገዳዩ ዕድሜ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን መዶሻ ነው። በዚያ ላይ የኩሽኔታ ብረት እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ሲመታ ይፈነጠራል፤ ፍንጣሪው የሚሄደው ወደ ዓይን ነው።

መድኃኒቱ ቁራጭ ቧንቧ ነው። አፉ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ልክ የሚያርፍ፣ ኳሶቹንም ሆነ የውጭውን የማይነካ። አዘዞ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ አንድ አባት ከሴት ልጁ ጋር ሲገጥሙ ቆሜ አይቻለሁ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። አባትየው ቧንቧውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይዟል፣ መዶሻው ያለው እሷ ጋ ነው።

“አባዬ፣ እጅህን ብመታውስ?”

“ቧንቧውን እያየሽ ምቺ፣ እጄን አትይው።”

ቀስ፣ ቀስ እያለች መታችው። ኩሽኔታው በየምቱ ጥቂት ጥቂት እየገባ ሄደ፤ የቧንቧው ድምፅ ሲወፍር አባትየው “በቃ፣ ተቀመጠ” አላት። እሷም አላመነችውም፤ ጎንበስ ብላ ከጎን አየችና በጣቷ አሽከረከረችው። ቅርቅር የሚል ነገር አልነበረውም። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ “ይቺ ቶርኖ ቤት መግባት አለባት” ሲል ሰማሁት፤ ትክክል ነው።

እንጨቱ ወይራ ቢሆን መልካም፤ ባህር ዛፍም ይሆናል፤ ግን ደረቅ መሆን አለበት። በክረምት እርጥብ እንጨት ጠርበው የገጠሙት ታኅሣሥ ላይ ደርቆ ይሟሽሽና ኩሽኔታው ከነነፍሱ ወልቆ ቁልቁለቱን ብቻውን ይወርዳል። ዳባትና ደባርቅ ብርድ አለ፣ እንጨቱ የደረቀ ይመስላል፤ አትመኑት፣ ምድጃ አጠገብ ይክረም።

ግራሶም አትሙሉበት። ወፍራም ግራሶ ኳሶቹን ከመያዙም በላይ የጎንደርን አቧራ ይሰበስብና ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። በናፍጣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ማድረግ ይበቃል። ክብደትን በተመለከተ ልጆቹ የሚያውቁት ልክ ነው፤ ሁለት እኩል መኪኖች ቢለቀቁ ከባድ ልጅ የጫነው ይቀድማል፣ ነፋሱ እሱን የመግታት አቅሙ ያንሳልና። ኮብልስቶን ላይ ግን ማንም አይቀድምም፤ በየድንጋዩ መገጣጠሚያ ላይ ኳሶቹ ይደበደባሉ።

ፍሬኑ በረባሶ ነው። ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ አስፋልት ላይ ሲጫን ምን ያህል እንደሚይዝ ያላየ ይናቀው። ይህ አገር በጎማ ላይ ያለ ሸክም ከማውጣት ይልቅ ሲወርድ ማቆም እንደሚከብድ ጥንትም ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ወስዷል፤ መንገዱም አብሮ እየተጠረገ ነበር። በገደሉ አፋፍ ላይ ሕዝቡ ጠፍር የጎተተው ለማውጣት ብቻ አልነበረም።

አሜሪካኖች ለልጆች የእንጨት መኪና ጨዋታ ወግና ሥርዓት አበጅተውለታል። በፈረንጆች 1953 ዶን መርፊ የተባለ የካሊፎርኒያ አባት ልጁ ሞተር በሌለው “የሳሙና ሳጥን” መኪና ለመወዳደር ዕድሜው ስላልፈቀደለት፣ ከጥድ ቁራጭ ትንንሽ መኪና ጠርቦ የማሽቀዳደም ውድድር ለስካውት ልጆች ጀመረ። አራት ምስማር፣ አራት ጎማ፣ ክብደቱ ከ142 ግራም ያልበለጠ። ዓላማው ወላጅና ልጅ አብረው እንዲሠሩ ነበር። እዚያ የሚሰማው ሐሜት እኛም ጋ አለ፦ አባቶቹ ለራሳቸው ይወዳደራሉ፣ ልጁ ሠራ የተባለው መኪና ላይ የልጁ እጅ የነካው ቀለሙን ብቻ ነው። የጎንደር አባቶችም ሞራሌውን አስጠርበው፣ ኩሽኔታውን አስገጥመው “እንካ” የምትሉ፣ ለልጁ የሰጣችሁት ዕቃ ነው። የአዘዞው ሰውዬ ቧንቧ ያዘ እንጂ መዶሻውን አልቀማም።

አንድ ነገር ግን ወላጅ ብቻውን የሚፈታው አይደለም። ከጎሃ ኮረብታ የሚወርደው መንገድ ልብ ይስባል፤ መኪና የሚሄድበት ስለሆነ ግን ልጅን እዚያ መልቀቅ ነውር ነው። ተራ ሰፈር ውስጥ ያለውም አስፋልት ባጃጅ አይለየውም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳናዎቿን ለእግረኛ ዘግታ ነበር፤ ሕፃናት ብስክሌትና ስኬቲንግ ይዘው ወጡ፣ ከተማዋም አልፈረሰችም። የጎንደር ከተማ አስተዳደርም በበጋ፣ በወር አንድ እሑድ ጠዋት፣ ኮብልስቶን ያልሆነ አንድ አጭር ቁልቁለት ለሦስት ሰዓት ይዝጋልን። ታችኛው ጫፍ ላይ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ይደርደር። ኩሽኔታውን፣ ቧንቧውንና በረባሶውን እኛ እናመጣለን።