ብዙ ካሜራ ባንድ ኮምፒዩተር ሲያያዝ ስለሚደርሰው ችግርና ስለ መፍትሔው

በየዓመቱ በመስከረም ወር የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን የጊፋታን በዓል ያከብራል። የሽማግሌዎችን ምርቃትና የወጣቶችን ጭፈራ ከሦስት አቅጣጫ ለመቅረጽ የሚሻ ተማሪ፣ ሦስት ካሜራ ባንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው እምቢ ይለዋል። ያመለጠው ምርቃት ደግሞ እስከ ከርሞ አይመለስምና ምክንያቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ዩኤስቢ የሚባለው መገናኛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ወጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣውና ብዙ ካሜራዎች የሚሠሩበት ሁለተኛው ዓይነት በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ይህ ግን የአንድ ገመድ ድርሻ ሳይሆን በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር የተሰኩት ሁሉ የሚካፈሉት ነው። ከዚያም ውስጥ እንደ ካሜራ ላለው የማያቋርጥ ሥራ አስቀድሞ ሊያዝ የሚችለው ከመቶ 80 እጅ፣ ማለት 384 ሜጋቢት ብቻ ነው።

አሁን እናስላ። ወርዱ 640፣ ቁመቱ 480 ነጥብ የሆነ ያልታመቀ ሥዕል በሰከንድ 30 ጊዜ የሚልክ ካሜራ 147 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። ሁለቱ 295 ያህል ስለሚወስዱ መንገዱ ይበቃቸዋል፤ ሦስቱ ግን 442 ስለሚሆኑ አይበቃቸውም። ነገሩ በገበያ ቀን ወደ ሶዶ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ድልድይ ይለፍ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስ ነው። በዚህ ዓይነት አንድ መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ሦስተኛው የገመድ መርዘም ነው፤ ከ5 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ጥፋቱን ለማግኘት የሚከተለው ይደረግ።

1ኛ/ እያንዳንዱ ካሜራ ለብቻው ይሞከር። ለብቻውም ካልሠራ ገመዱ፣ ቀጥሎም መሰኪያው ይለወጥ። ባንድ ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ አለዚያ ጥፋተኛው አይታወቅም።

2ኛ/ ለየብቻ ሠርተው አብረው ሲሆኑ አንዱ ከቀረ፣ ሥዕሉ በሰከንድ ከ30 ወደ 15 ይቀነስ። ያን ጊዜ ለሦስቱም 221 ሜጋቢት ያህል ይበቃል። ሃብ የሚባለውን ማከፋፈያ መጨመር እዚህ ላይ አይረዳም፤ ሃብ ቀዳዳ ያበዛል እንጂ መንገድ አያሰፋም።

3ኛ/ ሥዕሉ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ኃይል አንሶት ይሆናልና፣ የራሱን ኤሌክትሪክ ከግድግዳ የሚስብ ሃብ ይፈለግለት።

ይህ ሁሉ ሙከራ በበዓሉ ዋዜማ እንጂ በበዓሉ ጧት አይሁን። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለመቀነት ብቻ አይደለም፤ ለገመድም ይሠራል።