ቆጣሪው የማያሳየው የክሎክ ችግር

የክሎክ ቺፑ 10 ሜጋኸርዝ ያወጣል፤ ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪውም ይህንኑ ያሳያል። ሲግናሉ ግን ቆሻሻ ነው። ለምን? ቆጣሪው የሚነግረን አማካዩን ስለሆነ ነው። ጂተር ያለው በእያንዳንዱ ምት ላይ ነው፦ የሞገዱ ጠርዝ ከሚጠበቅበት ቅጽበት በፒኮሰከንዶች ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

ኤስአይ5351 የተባለውን የክሎክ ቺፕ እንውሰድ፤ ርካሽ ስለሆነ ከአማተር ሬዲዮ ሠሪዎች እጅ አይጠፋም። የ25 ሜጋኸርዙን ክሪስታል በፒኤልኤል በ36 አባዝቶ 900 ሜጋኸርዝ ያደርሰዋል፤ ያንን ለ90 ሲያካፍለው 10 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ማባዣውም ማካፈያውም ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ 90 ደግሞ ተጋማሽ ነው። ለዚህ ቺፕ ዝቅተኛ ጂተር የሚሰጠው እንዲህ ያለ ቅንብር ነው። ክፍልፋይ ሲገባ ግን ማካፈያው በሁለት ሙሉ ቁጥሮች መካከል እየተመላለሰ ነው አማካዩን የሚያገኘው፤ ቺፑ ስህተቱን ቢያርምም ቅሪቱ ጂተር ሆኖ ይወጣል።

ጉዳቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኤዲሲ (አናሎግን ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ዕቃ) 100 ሜጋኸርዝ ሲግናል ሲቀበል፣ ክሎኩ 1 ፒኮሰከንድ አርኤምኤስ ጂተር ካለው የሲግናልና የኖይዝ ልዩነት ከ64 ዴሲቤል ገደማ አያልፍም። ባለ16 ቢት ተብሎ የተገዛው ዕቃ ወደ 10 ቢት ወረደ ማለት ነው!

ዳታሺት ላይ ደግሞ የጂተሩን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ የተለካበትን ክልልም እዩ። ከ12 ኪሎኸርዝ እስከ 20 ሜጋኸርዝ የተለካ ከሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው ዝግ ያለ መዋዠቅ አልተቆጠረም።