ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር

የድራም ፕለጊኖች ድምፅ ዛሬ የሚታማ አይደለም። ሳምፕሎቹ በደህና ስቱዲዮ፣ በጥሩ ማይክ፣ ጎበዝ ድራመር መትቷቸው የተቀዱ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የብዙ አቀናባሪዎች ድራም ገና ከመጀመሩ የኮምፒውተር መሆኑ ይታወቃል። ጉድለቱ ያለው አመታቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚያሳብቀው ስኔሩ ነው። ሚዲ የምቱን ጉልበት ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይመዘግባል፤ ቬሎሲቲ የሚሉት ይህንኑ ነው። ጀማሪ ሁሉንም ምት 110 ላይ ደርድሮ ይሄዳል። ፈጠን ያለ ሮል ሲመጣ ያው አንድ ሳምፕል እየተደጋገመ መትረየስ ይሆናል። ደህና ፕለጊኖች ለአንድ ጉልበት ብዙ ቅጂ ይዘው በየተራ የሚያጫውቱት ይህን ለማስቀረት ነው፤ ቁጥሩ ካልተለያየ ግን እሱም ብቻውን አያድንም።

ብዙ ሰው መፍትሔውን «ሂዩማናይዝ» ከሚለው ቁልፍ ይጠብቃል። ቁልፉ ምቶቹን በዘፈቀደ ወዲህና ወዲያ ይገፋል። የድራመር መዛነፍ ግን ምክንያት አለው፤ ከእጁና ከእግሩ ይመጣል። ቀኝ እጅ ሃይሃቱን ሲመታ ቢቱ ላይ ያረፈው ይጠነክራል፣ መሃል ያለው ይላላል፦ 95፣ 65፣ 90፣ 68። ዋናው የስኔር ምት 115 ቢሆን፣ ግራ እጅ በመሃል የሚነካካቸው ጎስት ኖቶች ከ20 እስከ 40 ይበቃቸዋል። ድራመሩ ክላይድ ስተብልፊልድ ከጄምስ ብራውን ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 የቀዳውን «ፈንኪ ድራመር» ያደመጠ፣ እነዚያ ስስ ምቶች ቢወጡ ምን እንደሚቀር ይገባዋል።

ጊዜውም እንደዚሁ ነው። በ120 ቴምፖ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 125 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ኪኩን ቦታው ላይ ትቶ ስኔሩን በየባሩ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ማዘግየት ዘፈኑን ዘና ያደርገዋል። አንዴ አስቀድሞ አንዴ ማዘግየት ግን ድራመሩ ሰዓት መጠበቅ ያቃተው ያስመስላል። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ኤልኤም-1፣ የእውነተኛ ድራም ሳምፕል ያጫወተው የመጀመሪያው ድራም ማሽን፣ ያኔውኑ ስዊንግ ነበረው። ስዊንግ ደግሞ የተወሰኑ ምቶችን ሁልጊዜ በአንድ መጠን ያዘገያል እንጂ አይበትንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ችክችካ የሚያቀናብር ሰው ችግሩን በደንብ ያውቀዋል። የ6/8 ስድስቱም ኖታዎች በእኩል ጉልበት ግሪዱ ላይ ከተቸነከሩ ለእስክስታ የሚነሳ ትከሻ አይገኝም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ከበሮ መቺ አስገብቶ ጥቂት ባር መቅዳት፣ ከዚያም የምቶቹን ቦታና ጉልበት እያዩ ድራሙን በዚያ ማስተካከል ነው። ብዙዎቹ የመቅጃ ሶፍትዌሮች የአንድን ቅጂ ግሩቭ አውጥተው ወደ ሚዲ ያሻግራሉ።

ሌላው ስህተት የእጅ ቁጥር ነው። ክራሽ፣ ስኔርና ሃይሃት በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ሦስት እጅ ይጠይቃል። ሁለቱም እጆች ታሞቹ ላይ ባሉበት ሃይሃቱ በዱላ መመታቱን ከቀጠለ፣ ሙዚቀኛ ያልሆነ አድማጭ እንኳ ምክንያቱን ባይናገር ቅር ይለዋል።

እናም አቀናባሪ ሆይ፣ ለአዲስ ፕለጊን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የያዝከውን ትራክ ክፈት። ሦስተኛ እጅ የሚጠይቀውን ምት ሁሉ ሰርዝ፤ ቀጥለህ ቬሎሲቲውን ምት በምት በጆሮህ አስተካክል። ሂዩማናይዙን መጨረሻ ላይ፣ ያውም በጥቂቱ ተጠቀምበት።