የአንጀት ስፌት በእጅ፣ በስቴፕለር ወይስ በሮቦት?

ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ወደ ጎንደር ሪፈር ከሚጻፍባቸው ድንገተኛ የሆድ ሕመሞች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። ሆድ ይነፋል፤ ፈስና ዓይነ ምድር ይቆማል። የሞተው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ ሁለቱ ጫፎች ይገጠማሉ፤ አንዳንዴም የታካሚው ሁኔታ ካልፈቀደ አንጀቱ ለጊዜው በሆድ ላይ ይከፈታል። ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «በማሽን ቢሰፋ አይሻልም ወይ? ውጭ አገር በሮቦት ይሠራል አሉ» ብሎ ይጠይቃል።

ማሽኑ ስቴፕለር ይባላል። ወረቀት ከምናያይዝበት ጋር ይመሳሰላል፤ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ረድፍ ጥቃቅን የቲታኒየም ሽቦዎችን ይተክላል። ሽቦዎቹ ሰውነት ውስጥ ይቀራሉ፤ መውጣት አያስፈልጋቸውም።

ዋናው ችግር ውፍረት ነው። አንጀቱ ካበጠ አጭር ሽቦ ሁለቱን ግድግዳ አጥብቆ አይዝም። ስስ ከሆነ ደግሞ ረጅም ሽቦ ይላላል፣ ይደማል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 መጀመሪያ ድረስ በውስጥ አካል ስቴፕለሮች ላይ ከ41 ሺህ በላይ የችግር ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ 366ቱ የሞት ናቸው። ሪፖርት መደረጉ ብቻ ማሽኑ ገደለ ማለት አይደለም። ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ በ2021 መሣሪያውን ወደ ጠበቀ የቁጥጥር ምድብ አዛውሮታል።

ሮቦቱስ? በራሱ አይሰፋም፤ የሚያዘው ቀዶ ሐኪሙ ነው። አዳዲሶቹ የሮቦት ስቴፕለሮች ሽቦውን ከመትከላቸው በፊት ሥጋው ምን ያህል እንደተጨመቀ ይለካሉ፤ ከመጠን በላይ ከወፈረ ይቆማሉ። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጫፎቹ በቂ ደም ማግኘታቸውንና አለመወጠራቸውን የሚያረጋግጠው አሁንም ሐኪሙ ነው፤ ስፌት የሚያፈሰውም ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም በትልቁ አንጀት ላይ ስቴፕለር በጥቅሉ ከእጅ ስፌት እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። ስለዚህ «ማሽን ያለበት እንፈልግ» ብለው ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናን አያዘግዩ። የተጠመዘዘ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በየትኛውም መንገድ ይሰፋ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት፣ የሚብስ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ትውከት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከታየ ስፌቱ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ማስታገሻ ወስደው እስኪነጋ አይጠብቁ። ከጎንደር ከመነሣትዎ በፊት ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተሠራልዎ የሚገልጽ ወረቀት ይቀበሉ፤ ሌሊት ቢብስብዎት የትኛው ሆስፒታል መሄድ እንዳለብዎትም ይጠይቁ። ሊማሊሞን ከወረዱ በኋላ መልሶ መውጣቱ ጊዜ ይወስዳል።