ፒ-53፦ ከነጩ ልጥፍ ሥር የሚፈለገው ፕሮቲን

በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ወይም በምላስ ጠርዝ ላይ ቢፍቁት የማይለቅ ነጭ ልጥፍ ይወጣል፤ ሐኪሞች ሉኮፕላኪያ ይሉታል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ አብዛኛውም ወደ ካንሰር አይለወጥም። የሚለወጠውን ከማይለወጠው በዓይን ብቻ መለየት ግን አይቻልም። ቀይ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል።

ስለዚህ ናሙና ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይላካል። ባለሙያው የሕዋሶቹን ቅርጽና አደራደር በማይክሮስኮፕ ያያል። መዛባቱ መለስተኛ ነው ወይስ ከባድ በሚለው ላይ ግን ልምድ ያላቸው ሰዎችም አንዳንዴ አይስማሙም። ሌላ ማስረጃ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ከተፈለጉት ፕሮቲኖች ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ፒ-53 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 የታወቀው ይህ ፕሮቲን የሕዋሱ ዘረ መል ሲጎዳ ክፍፍሉን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ተመራማሪው ዴቪድ ሌን በ1992 የዘረ መል ጠባቂ ያሉት ለዚህ ነው። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ተሠርቶ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈርስ እምብዛም አይታይም። የትንባሆ ጭስ ፒ-53 የሚሠራበትን ዘረ መል ሲያበላሽ ግን ጉድለት ያለበት ፕሮቲን ሳይፈርስ ይከማቻል። በናሙናው ላይ ፀረ እንግዳ አካልና ማቅለሚያ ሲጨመር የሕዋሶቹ አስኳል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቡናማው የሚደምቀው እንግዲህ ጠባቂው ስለበረታ ሳይሆን ስለተበላሸ ነው። ዘረ መሉ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ፕሮቲኑ ስለማይሠራ ምንም ቀለም አይታይም፤ ያም ያሳስባል።

ከጎኑ ብዙ ጊዜ ኪ-67 ይመረመራል፤ ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ ኪል ከተማ ነው። የሚከፋፈሉ ሕዋሶችን ያሳያል። እነዚህ በጤነኛ የአፍ ሽፋን ከሥር ባሉት ንብርብሮች ይቀራሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ሥርዓቱ ተናግቷል ማለት ነው።

አፍን የሚጎዳው ትንባሆ ብቻ አይደለም። በሕንድ፣ የአፍ ካንሰር በወንዶች ዘንድ በብዛት በሚታይበት አገር፣ አሬካ የተባለውን ፍሬ ማኘክ የተለመደ ነው፤ የጉንጩ ሥር እየጠነከረ አፍ መክፈት እስኪያስቸግር የሚያደርስ ሌላ ቅድመ ካንሰር ሕመምም ያስከትላል።

ቁስለትና ብግነትም ፒ-53ን ለጊዜው ሊያበዙት ስለሚችሉ ማንም ሐኪም በቀለሙ ብቻ አይፈርድም። ማቅለሚያው ንጹሕ የወጣለት ሕመምተኛም ትንባሆ እንዲያቆም ይነገረዋል፤ ልጥፉም በቀጠሮ ክትትል ይደረግበታል።