ከታክሲ ወደ ጭነት መኪና፤ የሬኮ መንገድ ሒሳብ

የቡና ወቅት ሲቃረብ በጌዴኦ ዞን የጭነት መኪና ሾፌር ይፈለጋል። በሬኮና በአካባቢው የሚለቀመው እሸት ቡና መኪና ይጠብቃል፤ ታጥቦ የደረቀውም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ዲላ ላይ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የያዘው ሰው «ወደ ጭነት ልግባ?» ብሎ ማሰቡ፣ ባለመኪናውም «የታክሲ ሾፌር ልቅጠር?» ብሎ ማመንታቱ አይቀርም። ሁለቱም ከመወሰናቸው በፊት ሒሳብ መሥራት አለባቸው።

የነዳጅ ሥጋት በቆይታ ሥጋት ይለወጣል

የታክሲ ሾፌር በአብዛኛው የሚሠራው በቀን ገቢ ነው። ለባለንብረቱ የተስማሙበትን ያስገባል፣ ነዳጁን ይሞላል፣ የተረፈው የእሱ ነው። ስለዚህ ነዳጅ ሲወደድ በመጀመሪያ የሚጎዳው የሾፌሩ ኪስ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር ይህ በግልጽ ታይቷል።

የጭነት ሾፌር ነዳጅ የሚሞላለት ባለመኪናው ነው። እሱ የሚያገኘው የወር ደመወዝና በየጉዞው የሚታሰብ አበል ነው። መኪናው ቆሞ ከዋለ ግን ደመወዙ ባይቀርም አበል የለም። እንግዲህ ሥራ የቀየረው ሾፌር የነዳጁን ሥጋት ትቶ የቆይታን ሥጋት ተሸክሟል ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ስለሆኑ አንባቢ በሚያውቀው የገበያ ዋጋ ይተካቸው። ታክሲው ሁሉን ከፍሎ በቀን 600 ብር ቢያስተርፍ በ26 የሥራ ቀን 15,600 ብር ይሆናል። በጭነት በኩል ደመወዙ 9,000 ብር፣ የአንድ ጉዞ አበል 2,500 ብር ይሁን። በወር 3 ጉዞ ከተሠራ 16,500 ብር ነው፤ ከታክሲው የበለጠ ይመስላል። ነገር ግን በየጉዞው ለምግብና ለአልጋ 800 ብር ከወጣ እጅ ላይ የሚቀረው 14,100 ብር ብቻ ነው። ከታክሲው ለመብለጥ 4ኛ ጉዞ ያስፈልጋል፤ ያኔ 15,800 ብር ይተርፋል። ትርፍና ኪሳራውን የለየው አንድ ጉዞ ነው።

ያቺን አንድ ጉዞ ማን ይወስዳታል?

ከሬኮ በይርጋ ጨፌ፣ በዲላና በሐዋሳ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ጉዞውን የሚያረዝመው ግን መንገዱ ብቻ አይደለም። ቡናው አልደረቀም፣ ጆንያ አልተሰፋም፣ መሸኛ አልተጻፈም፣ የናሙና ምርመራ ተራ አልደረሰም፣ ማራገፊያው ሞልቷል እየተባለ ቀኑ ያልቃል። ሾፌሩ ከእነዚህ በአንዱ ላይ እንኳ ሥልጣን የለውም። ያለ መሸኛ ልንቀሳቀስ ቢል ደግሞ ኬላ ላይ ከነጭነቱ ይያዛል።

ከየት ይጀመር?

ለታክሲ ሾፌር የሚቀለው መግቢያ እሸት ቡናን ከመሰብሰቢያ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ማመላለስ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት ምልልሱ አጭርና ብዙ ነው፤ ከታክሲ ሥራ ጋር ይቀራረባል። ጭነቱ ግን ከባድ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋልና። በጌዴኦ ቁልቁለት ላይ የተጫነ መኪና በፍሬን ብቻ አይያዝም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያም አልታዘዝ ይላል። በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጎ መውረድ በሚኒባስ የማይለመድ፣ እዚህ ግን ሕይወት የሚያድን ትምህርት ነው። ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባው መሥመር፣ በመጨረሻም ተሳቢና የጅቡቲ መንገድ ይከተላሉ።

ከሁሉ በፊት ግን መንጃ ፈቃዱ ይታይ። የሕዝብ፣ የደረቅ ጭነትና የፈሳሽ ጭነት ምድቦች የተለያዩ ናቸው፤ የታክሲ ፈቃድ ለተሳቢ አያገለግልም። ምድቡ የማይፈቅድለትን ሾፌር ያሰማራ ባለመኪና አደጋ ሲደርስ መድን ድርጅቱ ካሣ አልከፍልም ሊለው ይችላል። በወቅት ጥድፊያ ሾፌር ተገኘ ብሎ ቁልፍ መስጠት መኪናውን ሊያስበላ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ጥሩ ሾፌር ወቅቱ ሳያልቅ ወደ ታክሲው ሲመለስ ብዙ ባለሀብት አበል ያነሰው እየመሰለው ይጨምራል። አበሉ በስሌታችን ከ2,500 ወደ 2,700 ብር ቢያድግ 3 ጉዞ ለሠራ ሾፌር የሚጨመረው 600 ብር ብቻ ነው፤ አሁንም ከታክሲው በታች ነው። ቡናው ተሰፍቶ፣ መሸኛው ወጥቶ መኪና ቢጠራና አንድ ጉዞ ቢጨመር ግን ሾፌሩ ከወጪው ሌላ 1,700 ብር ያገኛል፤ ባለመኪናው የአንድ ጉዞ ኪራይ፣ ነጋዴው ደግሞ ቀድሞ ገበያ የደረሰ ቡና ያገኛሉ።

ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ ሁለት ነገር ይግባበት። አንደኛው መኪናው ያለ ክፍያ የሚቆይበት የሰዓት ገደብ ነው። ሁለተኛው ከገደቡ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን ለሾፌሩ የሚታሰበው የቆይታ አበል ነው። ታክሲውን ለመልቀቅ ያሰበ ሾፌርም ስለ ደመወዙ ከመጠየቁ በፊት «ባለፈው ወቅት ይህ መኪና በወር ስንት ጊዜ ተመላለሰ?» ብሎ ይጠይቅ።